የቆየ የጠላቂ ሲሊንደር ዋጋው በምን ይለካል?

ጠላቂ ዋናተኛ ከውኃ በታች የሚተነፍሰውን አየር በጀርባው አዝሎ የሚወርድበት የብረት ሲሊንደር በጥንቃቄ ከተያዘ ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ሊያገለግል የሚችል ዕቃ ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ በአሜሪካ ፋብሪካዎች የተሠሩ ሲሊንደሮች ዛሬም በየቤቱ መጋዘንና ጋራዥ፣ በውርስ ዕቃ መካከልም በብዛት ይገኛሉ፤ ባለቤታቸው ሲያልፍ ወይም ከባሕር ሲርቅ ደግሞ ለሽያጭ ይቀርባሉ። በዚህ ጊዜ ሻጩም ገዢውም የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ያረጀ ብረት ስንት ያወጣል? መልሱ ብዙዎች እንደሚያስቡት ከዕቃው ዕድሜ አይገኝም። ዋጋውን በቅድሚያ የሚወስነው ሲሊንደሩ ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር ዛሬም ያለ አደጋ መያዝ መቻሉና ለዚህም ማስረጃ መኖሩ ነው፤ የታሪክ ዕቃነቱ የሚጨምርለት ዋጋ ካለም ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአኳ ላንግ እስከ «72»

ስኩባ የሚባለው ጠላቂው ከውኃ በላይ ካለ መርከብ ወይም ጀልባ በቱቦ አየር ሳይላክለት፣ የራሱን አየር ይዞ የሚጠልቅበት ዘዴ ነው። ዘዴው ለሕዝብ የሚዳረስበት መንገድ የተከፈተው ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኢንጂነሩ ኤሚል ጋኛን በ1943 «አኳ ላንግ» የተባለውን መሣሪያ ሠርተው በፈተሹ ጊዜ ነበር። የመሣሪያው ልብ ሬጉሌተር ይባላል፤ ይህም በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን አየር ጠላቂው ወደ ውስጥ በሚስብበት ቅጽበት ብቻ፣ በዙሪያው ካለው የውኃ ግፊት ጋር በሚመጣጠን ልክ የሚለቅ ክፍል ነው። መሣሪያው በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ መግባት ጀመረ፤ ከ1958 እስከ 1961 የታየው፣ ሎይድ ብሪጅስ ጠላቂ ሆኖ የተወነበት «ሲ ሀንት» የተሰኘ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማም ስፖርቱን በየቤቱ ስላስተዋወቀ የሲሊንደር ፍላጎት በፍጥነት አደገ።

ይህን ፍላጎት ለማርካት በብዛት ከተሠሩት መካከል ዋነኛው በጠላቂዎች ዘንድ «72» እየተባለ የሚጠራው ነው። ስያሜው ሙሉ ሲሆን የሚይዘውን አየር በኪዩቢክ ጫማ የሚገልጽ ሲሆን ትክክለኛ መጠኑ 71.2 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ወደ 2,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ነው፤ ይህ ሁሉ አየር 12 ሊትር ገደማ ውኃ ብቻ በሚይዝ ዕቃ ውስጥ የሚገባው ወደ 170 ባር በሚደርስ ግፊት ስለሚታመቅ ነው። ባር የግፊት መለኪያ ሲሆን 1 ባር በባሕር ጠለል ላይ አየር በሁሉም ነገር ላይ ከሚያሳርፈው ግፊት ጋር እኩል ሊባል ይችላል። የሲሊንደሩ ወርድ 17 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 64 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ወደ ገበያ ገባ፤ በተለይም «80» የተባለው ዓይነት የጠላቂ ማሠልጠኛዎችና የኪራይ ቤቶች መደበኛ ዕቃ እየሆነ ሲሄድ «72»ን ከዋናው ገበያ ገፋው። ይህ ታሪክ ለገማች ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ «72» በገፍ የተሠራ በመሆኑ ዕድሜው ብቻውን ብርቅ አያደርገውም። ሁለተኛው፣ አሉሚኒየሙ አየሩ ሲያልቅ ቀልሎ ወደ ላይ መንሳፈፍ ስለሚጀምር ጠላቂው ይህን የሚያካክስ ተጨማሪ እርሳስ በወገቡ መታጠቅ ይኖርበታል፤ «72» ግን ባዶ ሲሆንም ውኃ ውስጥ ብዙም ሳይንሳፈፍና ሳይሰምጥ ስለሚቆይ የሚመርጡት ጠላቂዎች አልጠፉም። አሮጌው ሲሊንደር እስከ ዛሬ ገዢ የሚያገኘው ከናፍቆት ይልቅ በዚህ ተግባራዊ ብልጫው ነው።

በትከሻው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ

ገማች አስቀድሞ መመልከት ያለበት የሲሊንደሩን ትከሻ፣ ማለትም ከአንገቱ በታች ክብ እየሆነ የሚወርደውን ክፍል ነው፤ የዕቃው ማንነትና የአገልግሎት ታሪኩ በብረቱ ላይ ተመትቶ የሚገኘው እዚያ ነውና። በቆዩ የአሜሪካ ሲሊንደሮች ላይ የመጀመሪያው ምልክት ሥራውን የፈቀደውን የመንግሥት አካል የሚያመለክት ሲሆን እስከ 1970 አካባቢ «አይ ሲ ሲ»፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን የሚወክለው «ዲ ኦ ቲ» ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የብረቱ ዓይነት ይጻፋል። «3ኤ» የሚለው ተራውን የካርቦን ብረት፣ «3ኤኤ» የሚለው ክሮምና ሞሊብዲነም የተባሉ ማዕድናት የተቀላቀሉበትን፣ ግድግዳው ሳይወፍር ብዙ ግፊት የሚችለውን የተሻለ ብረት ያመለክታል። ከዚያ የሚከተለው ቁጥር ሲሊንደሩ እንዲሞላ የተፈቀደለት ግፊት ሲሆን በ«72» ላይ አብዛኛውን ጊዜ 2250 ይላል፤ ይህም በአሜሪካ መለኪያ በስኩዌር ኢንች 2,250 ፓውንድ፣ በባር ሲሰላ 155 ያህል ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ የሲሊንደሩ መለያ ቁጥር፣ የአምራቹ ምልክትና የፍተሻ ቀኖች ይገኛሉ። ከቀኖቹ ሁሉ ቀዳሚው ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ የተፈተሸበት ወርና ዓመት በመሆኑ ዕድሜውን በትክክል የሚናገረው እርሱ ነው። ከቀኑ አጠገብ የመደመር ምልክት ካለ ሲሊንደሩ ከተጻፈለት ግፊት 10 በመቶ ጨምሮ እንዲሞላ ተፈቅዶለታል ማለት ነው። «72» ሙሉውን 71.2 ኪዩቢክ ጫማ የሚይዘው በዚህ ጭማሪ ነው፤ በኋለኛው ፍተሻ ምልክቱ ካልታደሰለት በ2,250 ብቻ ስለሚሞላ የሚይዘው አየር ወደ 65 ኪዩቢክ ጫማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ይህች ትንሽ ምልክት መኖሯና አለመኖሯ የሲሊንደሩን ጥቅምም ዋጋውንም በግልጽ ትለውጣለች።

ጽሑፉ ተፍቆ፣ ተሞርዶ ወይም በቀለም ብዛት ተደፍኖ የማይነበብ ከሆነ የሲሊንደሩ የአገልግሎት ዋጋ በእጅጉ ይወድቃል፤ ማንነቱ ያልታወቀን ዕቃ ሕጋዊ ፈታሽም ሆነ አየር ሞይ አይቀበለውምና። ዲ ኦ ቲ በሚለው ምልክት ላይ የኤክስ ፊደላት ተደራርበው ከተመቱበት ወይም መወገዱን የሚገልጽ ቃል ከተቀረጸበት ደግሞ ፈታሽ ከአገልግሎት ያስወጣው ስለሆነ ማንም ዳግመኛ ሊሞላው አይገባም። በሌላ በኩል የአሜሪካ ምልክት የትም አገር የሚሠራ የይለፍ ወረቀት አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የራሳቸውን ማኅተም ይጠይቃሉ፤ የቫልቭ ማሰሪያ ልካቸውም ይለያል። በአሜሪካ ጥሩ ገንዘብ የሚያወጣ ሲሊንደር በሌላ አገር ሞይ ሊያጣ ስለሚችል ግምቱ ሁልጊዜ ዕቃው በሚሸጥበት አገር ገበያ ላይ መመሥረት አለበት።

የአምስት ዓመቱ ፈተና

በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለው ሲሊንደር በየአምስት ዓመቱ በውኃ ግፊት መፈተሽ ይኖርበታል። ፈታሹ ሲሊንደሩን ውኃ ሞልቶ፣ ራሱም ውኃ በተሞላ የታሸገ ማጠራቀሚያ ውስጥ ካስገባው በኋላ ከመደበኛ ግፊቱ አምስት ሦስተኛ እጥፍ ድረስ፣ ማለትም ለ2,250ው ዓይነት እስከ 3,750 ድረስ ያስጨንቀዋል። ብረቱ በዚህ ጊዜ በመጠኑ ይለጠጣል፤ ግፊቱ ሲለቀቅም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሳይመለስ የቀረው መለጠጥ ከጠቅላላው ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል ተብሎ ሲሊንደሩ ይወገዳል፤ ካለፈ አዲስ ቀንና የፈታሹ መለያ በትከሻው ላይ ይመታለታል። ፈተናው በአየር ሳይሆን በውኃ የሚካሄደው ውኃ በግፊት ብዙም ስለማይታመቅ፣ ብረቱ ቢሰነጠቅ እንኳ እንደታመቀ አየር ፈንድቶ ሰው እንዳይጎዳ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌላ አገር በሆስፒታልና በብየዳ ቤት የሚታዩት የኦክስጅን ሲሊንደሮች በትከሻቸው ላይ ቀን የሚመታባቸው በዚሁ መርሕ ነው።

ከዚህ ፈተና ውጭ ደግሞ የጠላቂነት ሙያ ማኅበረሰብ በየዓመቱ ቫልቩ ተፈትቶ ውስጡ በመብራት እንዲታይ የሚጠይቅ ልማድ አለው። ይህ ዓመታዊ ምርመራ በተለጣፊ ወረቀት የሚመዘገብ ሲሆን ወረቀቱ የሌለውን ሲሊንደር አብዛኞቹ የጠላቂ ዕቃ መደብሮች አይሞሉም። ስለዚህ ሁለት መልካቸው አንድ የሆነ ሲሊንደሮች፣ አንዱ ትናንት ተፈትሾ ሌላው ከተፈተሸ ሠላሳ ዓመት አልፎት ከሆነ፣ ዋጋቸው ፈጽሞ አንድ ሊሆን አይችልም፤ የመጀመሪያው ወዲያው የሚያገለግል ዕቃ ሲሆን የሁለተኛው ገዢ የሚገዛው ተስፋና ስጋትን አንድ ላይ ነው።

ዝገትና ሽፋን

የብረት ሲሊንደር ትልቁ ጠላት በውስጡ የሚገባ እርጥበት ነው፤ በተለይ የባሕር ጨው የያዘ ውኃ ጥቂት ጠብታው እንኳ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ጉዳቱ ከባድ ነው። ቀጭን፣ ገጽ ላይ ብቻ የተኛ ቀይ ዝገት ሻካራ ጠጠር ጨምሮ ሲሊንደሩን በማሽን በማሽከርከር ሊጠረግ ስለሚችል ዋጋውን የሚቀንሰው በጽዳቱ ወጪ ያህል ብቻ ነው። ዝገቱ ብረቱን እየበላ ጉድጓድ ከሠራበት ግን፣ በተለይም ጉድጓዶቹ ተቀጣጥለው መሥመር ከሠሩ፣ ግድግዳው ስለሚሳሳ ሲሊንደሩ ሊወገድ ይችላል። ዝገት ሌላም ስውር አደጋ አለው፤ ብረት የሚዝገው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ በመሆኑ ለዓመታት ተዘግቶ በቆየ እርጥብ ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር ኦክስጅኑ ተመናምኖ፣ ሽታም ቀለምም ሳይለውጥ የሚተነፍሰውን ሰው ራሱን ሊያስት ይችላል። ስለዚህ ከአሮጌ ሲሊንደር ውስጥ የተገኘ አየር መተንፈሻ ሊሆን አይገባም።

አንዳንድ አምራቾች ዝገትን ለመከላከል ሲሉ የሲሊንደሩን ውስጥ ኢፖክሲ በተባለ ሙጫ መሰል ቀለም ይቀቡት ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ቢመስልም ቀለሙ ከዓመታት በኋላ ሲላላና ሲላጥ እርጥበት ከሥሩ ገብቶ ብረቱን ከዓይን ተሰውሮ ይበላዋል፤ ቅርፊቱም ቫልቩን ይደፍናል። እንዲህ ያለ ሲሊንደር ቀለሙ ካልተነሣ በስተቀር በትክክል ሊመረመር ስለማይችል ገማች የማስወገጃውን ወጪ ከዋጋው መቀነስ አለበት።

በውጪ በኩል ተመራጩ በዚንክ የተለበጠው፣ ጋልቫናይዝድ የሚባለው ነው፤ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ይጠብቀዋልና። በላስቲክ መሰል ቪኒል የተሸፈነው ግን የተቀደደ ቦታ ካለው ውኃን ከሥሩ ይዞ ሊያስቀር ስለሚችል፣ ከታች የሚደረግለት መከላከያ ጫማና የማንገቻው ማቀፊያም ተነሥተው ከሥራቸው ያለው ብረት መታየት አለበት። ሲሊንደሩ በእሳት አደጋ ውስጥ ያለፈ ወይም ቀለም ለማድረቅ ሲባል በከፍተኛ ሙቀት የተጋገረ ከሆነ፣ በሙቀት ሕክምና ያገኘው ጥንካሬ ሊጠፋ ስለሚችል የቱንም ያህል ቢያምር ለአገልግሎት መገመት የለበትም። የብየዳ ምልክት ያለበትም እንዲሁ ነው።

የቫልቩ ነገር

ቫልቩ ለብቻው ዋጋ ያለው ክፍል ነው። በቆዩ ሲሊንደሮች ላይ የሚታዩት ሁለት ዋና ዓይነቶች ሲሆኑ «ኬ» የሚባለው ተራ መክፈቻና መዝጊያ ብቻ ነው፤ «ጄ» የሚባለው ደግሞ ጥቂት አየር በመጠባበቂያነት ይዞ የሚያስቀር ነው። ጠላቂው ቀሪ አየሩን የሚያይበት የግፊት መለኪያ ከመስፋፋቱ በፊት በ«ጄ» ቫልቭ የሚጠቀም ሰው መተንፈስ ሲከብደው በጎኑ ያለውን ረጅም ዘንግ ወደ ታች ስቦ 20 ባር ያህሉን መጠባበቂያ ይለቅና ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ዛሬ መለኪያው ይህን ሥራ ስለተካው «ጄ» ቫልቭ ለተራ ጠላቂ ተጨማሪ ዋጋ የለውም፤ ዘንጉና ማንሻው ሳይጎድሉ ከተገኘ ግን ሰብሳቢ ይፈልገዋል።

ቫልቩ ወደ አንገቱ የሚገባበት ጥርስም መታየት አለበት። በቀድሞዎቹ ሲሊንደሮች ጥርሱ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ የግማሽ ኢንች ነበር፤ በኋላ የመጣው ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ቀጥ ያለ ጥርስ ሲሆን አየር እንዳያልፍ የሚዘጋው ኦሪንግ በተባለ የጎማ ቀለበት ነው። ለቀድሞው ዓይነት ምትክ ቫልቭ ማግኘት ከባድ በመሆኑ ለጠላቂ ያለው ዋጋ ይቀንሳል፤ ያው ጥርስ ግን የዕቃውን ቀደምትነት ስለሚመሰክር በሰብሳቢ ዓይን ዋጋ ይጨምርለታል። ግምቱን ከመጀመር በፊት ገዢው ማን እንደሆነ መለየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሰብሳቢው የሚከፍልበት

የጠላቂነት ታሪክ ዕቃዎችን የሚሰበስቡና የሚያጠኑ ሰዎች በብሪታንያ ከ1990፣ በአሜሪካ ከ1992 ጀምሮ ሂስቶሪካል ዳይቪንግ ሶሳይቲ በተባሉ ማኅበራት ተደራጅተዋል። ለእነዚህ ሰዎች ዋጋ የሚሰጠው ሳይነካ የቆየ ነገር ነው፤ የፋብሪካው ቀለም፣ እንደ ዩ ኤስ ዳይቨርስ፣ ቮይት፣ ዳኮርና ሄልዝዌይስ ያሉ ኩባንያዎች ተለጣፊ ምልክት፣ በዘመኑ የነበረው የሸራ ማንገቻና የብረት ማቀፊያ፣ ከሁሉም በላይ በጥንድ የሚታዘሉ ሲሊንደሮች ማገናኛ ከነቫልቩ አንድ ላይ መገኘት። ስለዚህ ሻጭ ዕቃውን «ለማሳመር» ብሎ ቀለሙን ቢያነሣና እንደገና ቢቀባው ሰብሳቢው ሊከፍልበት የነበረውን ነገር በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ዕቃው የታወቀ ሰው ወይም ጉዞ ነበር የሚል ወሬ ደግሞ ፎቶግራፍ፣ ደረሰኝ ወይም ደብዳቤ ከመለያ ቁጥሩ ጋር ካላያያዘው በስተቀር ዋጋ ሊጨመርበት አይገባም። ለጌጥ ብቻ የሚቀመጥ ሲሊንደር ፈተና ማለፍ አይጠበቅበትም፤ ሆኖም ለአገልግሎት የማይውል መሆኑ በግልጽ ሊታወቅ ይገባል።

ስሌቱ

እነዚህ ነገሮች ከታወቁ በኋላ ግምቱ ወደ ቀላል ሒሳብ ይወርዳል። መነሻው ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ ሳይሆን ተመሳሳይ ዕቃ በቅርቡ በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ነው፤ ብዙ የሚጠራና ያልተሸጠ ዕቃ የገበያ ማስረጃ አይሆንም። በአሜሪካ ገበያ ተራ «72» ያለ አዲስ ፍተሻ ብዙውን ጊዜ በጥቂት አሥሮች ዶላር የሚታሰብ ሲሆን የፈተናው ወጪ ራሱ በአሥሮች ዶላር ስለሚቆጠር የዋጋውን ትልቅ ክፍል ሊበላ ይችላል።

አካሄዱን ለማሳየት ያህል፣ የተፈተሸና ለመሙላት የተዘጋጀ ሲሊንደር 100 ያወጣል፣ የፈተናው፣ የምርመራውና የጥቃቅን ዕቃው ወጪ 50 ነው፣ ሲሊንደሩ ቢወድቅ ቫልቩ ብቻ 20 ይሸጣል፣ ውጪውንና ውስጡን ያየ ባለሙያም ከአራት ሦስት እጅ ያልፋል ብሎ ገምቷል እንበል። ሲሊንደሩ ካለፈ ለገዢው የሚተርፈው 50 ነው፤ ከወደቀ ደግሞ ከወጪው ላይ የቫልቩ ሽያጭ ተቀንሶ 30 ይከስራል። የሃምሳው ሦስት አራተኛ 37.5፣ የሠላሳው አንድ አራተኛ 7.5 በመሆኑ ልዩነታቸው 30 ይመጣል፤ ገዢ ላልተፈተሸው ሲሊንደር ከዚህ በላይ ከከፈለ በአማካይ ይከስራል። የማለፍ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው ከተባለ በዚሁ አሠራር ግምቱ ወደ 10 ይወርዳል። ውስጡን አይቶ መገመት የሲሊንደሩን ዋጋ ይህን ያህል የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ ሳያዩ የሚደረግ ግምት ግምት ሊባል አይችልም። ከዋጋው ወለል ላይ የሚቀረው የቫልቩና 13 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተል ተግባራዊ ምክር አለ። ውስጡ ንጹሕ፣ ጽሑፉ የሚነበብ፣ ቫልቩ ዘመናዊ ጥርስ ያለው ሲሊንደር ያለው ሰው አስፈትሾ ቢሸጥ ስጋቱን ከገዢው ላይ ስለሚያነሣ ወጪውን በዋጋ ሊመልስ ይችላል፤ ውስጡ የተጎዳ ወይም ብርቅ ዓይነት የሆነ ሲሊንደር ያለው ግን ባለበት ሁኔታ፣ ያለ ፈተና ማቅረቡ ይሻለዋል።

የሻጩ ግዴታ

ማንኛውም ሰው ሲሊንደሩን ከመነካካቱ በፊት ባዶ ነው ብሎ ማሰብ የለበትም። ለዓመታት የተቀመጠ ዕቃ ግፊት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ቫልቩ በጥንቃቄ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ቀስ ተብሎ ተከፍቶ አየሩ እንዲወጣ መደረግ አለበት፤ ቫልቩን ከአንገቱ መፍታት ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ሲሊንደሩን በአውሮፕላን ለመላክ የሚፈልግም ቫልቩ ተነሥቶ ውስጡ የሚታይ መሆን እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ በጽሑፍ ማስታወቅ ይገባዋል፤ የትከሻውን ጽሑፍ እንዳለ መገልበጥ፣ የመጨረሻውን ፍተሻ ቀን፣ ውስጡ በማን እንደታየና ምን እንደተገኘበት፣ ቀለም የተቀባ ወይም ሙቀት የነካው መሆኑን መግለጽ አለበት። በሌሎች ያገለገሉ ዕቃዎች ሽያጭ ዝምታ ገዢውን ገንዘቡን ሊያሳጣው ይችላል፤ በዚህ ዕቃ ሽያጭ ግን ዝምታ የገዢውን፣ ሲሊንደሩን የሚሞላውንና በአጠገቡ የቆመውን ሰው ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የወደቀ ሲሊንደር ያለው ባለቤት ዳግመኛ ግፊት እንዳይገባበት በባለሙያ እንዲበሳ ካደረገ በኋላ ለጌጥ ወይም ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጠው ይችላል፤ የሚያገኘው ገንዘብ ጥቂት ቢሆንም ዕቃው ከእንግዲህ ማንንም እንደማይጎዳ ያረጋግጣል። የቆየ ሲሊንደር የሚገምት ሰው ሥራው ቁጥር መጥራት ብቻ አይደለም፤ የሚጠራው ቁጥር አንድ ሰው በዚህ ብረት ተማምኖ ወደ ባሕር ሊወርድ ይችላል ወይስ አይችልም ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው ምስክርነት ጭምር ነው።